ከማማው የሚታየው ሐይቅ

አባቴ በከተማችን ጥንታዊ መናፈሻ በር ላይ ትኬት ቆራጭ ነው። ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ለጎብኚ ሁሉ፣ «ማማው ጫፍ ስትደርሱ ወደ ግራ ዙሩ፤ ሐይቁ ቁልጭ ብሎ ይታያል!» ይላል። ራሱ ግን ወጥቶ አያውቅም። ማማው ከደረጃ በቀር መውጫ ስላልነበረው፣ ከእሱ በፊት የነበረው ዘበኛ የነገረውን ነው የሚያወራው።

ዘንድሮ ለማማው ሊፍት ተገጠመለት። ይዤው ወጣሁና ወንበሩን ወደ ግራ አዞርኩለት። ሐይቅ የለም! ከፊታችን የተገተረው ኮረብታ ጋርዶታል።

አባቴ ፊቱ ደም መሰለ። «ይሄ ሁሉ ሰው ወርዶ ‹አየነው፣ ያምራል› ሲለኝ የኖረው ሲያሾፍብኝ ነው?»

«ታዲያ ምን ይበሉህ አባዬ? ‹ውሸታም ነህ፣ ውጣና እየው› ይበሉህ?»

እስክንወርድ ድረስ አኩርፎኝ ቆየ።

በማግስቱ ምሳውን ላደርስለት ስሄድ፣ በየሳምንቱ ማማው ላይ የሚወጡት ጡረተኛ መምህርት ጉልበታቸውን እያሻሹ ከማማው ወርደው መጡ። እሳቸው ሊፍት አይወዱም፤ አባቴ መውጣቱንም አልሰሙም።

«ጋሼ፣ ሐይቁ ዛሬም መስታወት መስሏል!» አሉት እንደ ልማዳቸው።

የአባቴን ቁጣ ስለማውቅ፣ አሁን ጉድ ፈላ ብዬ ምሳ ዕቃውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እሱ ግን ትንሽ አያቸውና ወንበር ሳበላቸው።

«ትናንት እኔም አየሁት፣ እትዬ» አላቸው። «ልክ እንዳሉት ነው።»