አሥር ሰው ሳይሞላ የማይከፈተው ብልቃጥ

በተጓዦች የክትባት ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችውን ነርስ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ፊት ለፊት «ሲስተር» ይሏታል፤ ዞር ስትል ደግሞ «አሥር ሙሉ»። ቅጽል ስሙን ያወጣላት የግቢው ጥበቃ ነው ይባላል። ማንም ያውጣው ማን፣ ልኳ ተወስዶ እንደተሰፋ ጋውን ተስማምቷት ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት የሚመጣው የጣት አንጓ በምታህል ብልቃጥ ሲሆን፣ በአንዷ ብልቃጥ ውስጥ የአሥር ሰው ድርሻ አለ። ዱቄቱ በፈሳሽ ከተበጠበጠ በኋላ ግን ለነገ የሚቆይ ነገር የለም፤ በስድስት ሰዓት ውስጥ ያልተወሰደው ይጣላል። ስለዚህ አሥር ሰው ካልተሰበሰበ ብልቃጥ አይከፈትም። ደንቡ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ብረት ያደረገችው ግን እሷ ናት። ሥራ በጀመረች በስድስተኛው ወር ሁለት ነጋዴዎች ለምነዋት አንዷን ከፈተች፤ የስምንት ሰው ክትባትም ባከነ። በቀጣዩ የክትባት ቀን ፍሪጁ ባዶ ሆኖ አሥር መርከበኞች ከደጅ ተመለሱ። ከማኅደሯ የገባው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሦስት መስመር ብቻ ነበር፤ ቢሆንም እስከ ዛሬ ቃል በቃል ትወጣዋለች። ከዚያ ወዲህ አንዲት ጠብታ አባክና አታውቅም። ትዳር አልያዘችም፤ ስንቱን ተጓዥ በመርፌ ስትሸኝ የራሷ ፓስፖርት እንኳ የላትም። የምትኮራበት ነገር ቢኖር፣ በየወሩ መጨረሻ «የባከነ» ከሚለው ዓምድ ሥር የምታሰፍረው ዜሮ ነበር።

አንድ ሐሙስ ጧት በሩ ሲከፈት ቀድመው የገቡት አንዲት ልብስ ሰፊና ምራታቸው ነበሩ። ልብስ ሰፊዋ ስድሳውን የተጠጉ፣ ክር በጥርስ ከመበጠስ ብዛት የፊት ጥርሳቸው የተሸረፈ ሴት ናቸው። ወረቀቶቻቸውን በፕላስቲክ ከረጢት አድርገው፣ ሰው ይነጥቀኛል እንደሚል ሁሉ በሁለት እጃቸው ታቅፈውታል።

«አንድ ልጅ ነው ያለኝ» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «እዚያ ሰው አገር ሕንጻ ሲሠራ ከአምስተኛ ፎቅ ወደቀ። እስካሁን አልነቃም። እናቱ ትድረስ ብለዋል ሐኪሞቹ።»

«በረራው መቼ ነው፣ እናቴ?»

«የዛሬ አሥር ቀን፣ እሑድ። ትኬቱን የቆረጠልኝ አሠሪው ነው። ሐሙስ ትከተባለች ብሎ ቆጥሮ።»

ነርሷም በልቧ ቆጠረች። የክትባቱ ማስረጃ የሆነው ቢጫው ካርድ የሚጸናው መርፌው ከተወጋ ከአሥር ቀን በኋላ ነው፤ ከዚያ ቀድሞ የሄደ ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያው ይመለሳል። ቀጣዩ የክትባት ቀን ደግሞ ሰኞ ነው። እኚህ ሴት ዛሬ ካልተወጉ እሑድ አይሄዱም።

«ስንት ሰው ነው የሚጠበቀው?» አሉ ልብስ ሰፊዋ።

«አሥር። እስካሁን እርስዎ ብቻ ነዎት። ይቀመጡ።»

እስከ ወገቡ አረንጓዴ ዘይት ቀለም በተቀባው ክፍል፣ ከአንድ ግዙፍ የወባ ትንኝ ሥዕል ሥር፣ አግዳሚው ወንበር ቀስ በቀስ ሞላ። እስከ እኩለ ቀን ስድስት ሆኑ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ዘጠኝ ደረሱ፤ ከዚያ በኋላ ግን በሩን የሚያንኳኳ ጠፋ። ክፍሉ የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ዘጠነኛው ድንበር ተሻጋሪ የጭነት መኪና ሾፌር ሲሆን፣ ካርዱ ጠፍቶበት ለሁለተኛ ጊዜ የመጣ የነርሷ የቆየ ደንበኛ ነው። ቁጭ ማለት ሲሰለቸው ተነሥቶ ኮሪደሩ ላይ ቆመና እንደ ታክሲ ረዳት ይጮኽ ጀመር።

«አንድ ሰው! የቀረን አንድ ሰው! ሞልቷል፣ እንሄዳለን!»

ሰዎቹ ሣቁ። ልብስ ሰፊዋ ግን ዓይናቸውን ከግድግዳው ሰዓት አልነቀሉም።

«ሲስተር» አለ ሾፌሩ ተመልሶ፣ «አንድ ስም ጨምረሽ ብትጽፊስ? የአክስቴን ልስጥሽ። ከሞተች ሰባት ዓመቷ ነው፤ መርፌም አትፈራም።»

«በእኔ መዝገብ ሞቶ የተከተበ የለም» አለች ነርሷ፣ ቀና ሳትል።

«እንግዲያው ዘጠኝ ብለሽ ክፈቺው። አንዷ ብትፈስ ሰማይ አይደፋ!»

«ለእናንተ አይደፋም።»

ሰዓቱ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ልብስ ሰፊዋ ተነሥተው ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። ሊንበረከኩ ጎንበስ ሲሉ ያየችው ነርስ ደንግጣ ክንዳቸውን ያዘች።

«እባክዎ እናቴ፣ እንዲህ አይሁኑብኝ። ጨክኜ አይደለም። የወሩ ሁለት ብልቃጥ ነው የቀረኝ። ዛሬ ደንቡን አፍርሼ ብከፍት፣ ነገ ለሚመጣው ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

«ለነገው ነገ ይታሰባል፣ ልጄ። የእኔ ልጅ ነገ መኖሩን የሚያውቅ የለም።»

በዚህ ጊዜ ነበር ቀኑን ሙሉ ድምፅዋ ያልተሰማው ምራት የተነሣችው። ሁለት ጊዜ ወደ መታጠቢያ ቤት ወጥታ ፊቷን አርሳ ተመልሳለች፤ ሾፌሩ ብስኩት ሲዘረጋላትም አፍንጫዋን ይዛ ዞር ብላ ነበር።

«እኔን ውጉኝና ይሙላ» አለች።

«አንቺም ትጓዣለሽ?»

«ባሌ እዚያ አይደል? አንድ ቀን መሄዴ አይቀርም።»

ነርሷ የመጠይቁን ቅጽ ሳበች። «ትኩሳት?»

«የለም።»

«የእንቁላል አለርጂ?»

«የለም።»

«እርግዝና?»

የሁሉም ዓይን ልጅቷ ላይ ሆነ፤ ከሁሉም ይልቅ የአማቷ። «የለም» አለች።

ነርሷ ብዕሯን አቁማ አየቻት። ይህን ጥያቄ ስንቷን ሴት ጠይቃለች! እውነቱን የሚናገሩት ወይ ፈገግ ይላሉ፣ ወይ ይቆጣሉ። ይቺ ግን ችሎት ፊት እንደቆመ ምስክር ነው የመለሰችው። ቢሆንም ቅጹ ላይ «የለም» ተጽፏል፤ አግዳሚው ላይ ዘጠኝ ሰው ይጠብቃል፤ አሥረኛዋም ቆማለች። ነርሷ ፍሪጁን ከፈተች፣ ብልቃጧን አወጣች፣ በጠበጠች።

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ተወጉ። ማኅተም የተመታበትን ካርድ ሲቀበሉ ሁለት ጊዜ ሳሙት። ሌሎቹም በየተራ ገብተው ወጡ። በመጨረሻ ምራትየው ስትገባ ነርሷ በሩን ዘጋችው።

«ስንት ወርሽ ነው?»

ልጅቷ መሬት መሬቱን አየች። «ሦስት ሊሆነኝ ነው። ለእረፍት መጥቶ በሄደ…»

«እሳቸው ያውቃሉ?»

«አያውቁም። ቢያውቁማ ዛሬ እሺ ይሉኛል? ይውጉኝ ሲስተር፤ እሳቸው ልጃቸውን ይዩት። እኔ አንድ መርፌ አያቅተኝም።»

«አንቺን መች አቃተሽ አልኩ። ይህ ክትባት የተዳከመ ይሁን እንጂ ነፍስ ያለው ተሐዋስ ነው። ምናልባት ምንም አይነካችሁ ይሆናል። በምናልባት ግን አልወጋሽም።»

ከዚያም የተሞላውን መርፌ እንዳለ ወደ መጣያው ሳጥን ከተተችው።

ልጅቷ በድንጋጤ መዝገቡን አየች። «ስሜን ይጻፉታ። ፈርሜያለሁ፤ ማን ያየናል?»

እውነት ነው፤ የሚያይ አልነበረም። ከሃያ አንድ ዓመት በላይ የቆየውን ዜሮ ለማዳን አንድ መስመር መጻፍ ይበቃ ነበር። ነርሷ ብዕሯን አነሣችና በዚያው ጥንቁቅ የእጅ ጽሑፏ «ዘጠኝ ተከተቡ፤ አንድ ባከነ» ብላ አሰፈረች።

በወሩ መጨረሻ ብልቃጦቹን ከሚያድለው መጋዘን ደብዳቤ መጣ፤ የመጠይቁን መልስ ሳታጣራ ብልቃጥ ከፍታለች የሚል። ጥበቃውም ወሬው ደረሰው፤ በሳምንቱ ቅጽል ስሟን ወደ «ዘጠኝ» አወረደው። እሷም እየሰማች እንዳልሰማች አለፈች።

ልብስ ሰፊዋ የተመለሱት ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ጥቁር ለብሰዋል። ምራታቸው እታች፣ በእርግዝና ክትትል ሰልፍ ላይ እንዳለች ከተናገሩ በኋላ ሳይቀመጡ ቆዩ።

«ልበር ስል፣ ያን ሐሙስ አረፈ» አሉ። «ሦስት ቀን ነው የቀደመኝ። ሬሳውን ላኩልኝ።»

ነርሷ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብትል የገዛ ድምፅዋ ከሩቅ ተሰማት።

ሴትየዋ ከፕላስቲኩ ውስጥ ቢጫውን ካርድ አወጡ። ጥግ እንኳ አልታጠፈበትም። «አልሠራሁበትም፤ አዲስ ነው። ለቸገረው ሰው ስጪልኝ።» ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቀሚስ የተረፈውን ጨርቅ ለኪስ፣ ከኪስ የተረፈውን ለቁልፍ መሸፈኛ ሲያደርጉ ኖረዋል፤ በሰው ስም የተጻፈ ካርድ ለሌላ ሰው እንደማይሆን የነገራቸው የለም። ነርሷም አልነገረቻቸውም። ተቀበለቻቸው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «የትኬት ቢሮው ልጅ፣ ሌላ ቦታ የካርዱን ቀን ወደ ኋላ አድርገው ይጽፋሉ አለኝ። እንደዚያ ቢሆን በማግስቱ ትበሪ ነበር አለኝ። እውነት ነው?»

የለም ማለት ይቻል ነበር። ያቺ ቃል ለሁለቱም እረፍት በሆነች።

«እውነት ነው። የሚጽፉ አሉ።»

«ብለምንሽ ትጽፊልኝ ነበር?»

«አልጽፍም ነበር፣ እናቴ።»

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብለው አዩአት፤ ዓይናቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። «እኔም እንደዚያው ነው ያልኩት። ‹እሷ አትጽፍም› አልኩት። ለምራቴ ያደረግሽውን ነግራኛለች፤ ደብዳቤ እንደጻፉብሽም ሰምቻለሁ። ልመርቅሽ እልና ምላሴ ይተሳሰራል። ልርገምሽ እልና እሱም እንቢ ይለኛል። ምን ላድርግሽ?»

መልስ ሳይጠብቁ ወጡ። የደረጃውን ድጋፍ ይዘው አንድ በአንድ ሲወርዱ እግራቸው እስከ ምድር ቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

ተመላሽ የሆነ ካርድ ይሰረዛል፤ ደንብ ነው። ነርሷ ማስመሪያና ቀይ እስክሪብቶ አነሣች፤ በገዛ እጇ ጽሕፈት በተጻፈው ስም ላይ ሁለት መስመር አሰመረችና «የተሰረዘ» ብላ ጻፈችበት። መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ነበሩ። ካርዱን ወደ ፋይሉ ከማስገባቷ በፊት ያላንዳች መንቀጥቀጥ ያሰመረውን እጇን ዘርግታ፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል አገላብጣ አየችው።