የሲፈን ማግኔቶች

ማክሰኞ ጠዋት ከሰበታ የተነሳሁት ለሽርሽር አይደለም። ታናሽ እህቴ አበራሽ ከሱሉልታ ደውላ፣ «ሲፈን ቡራዩ አባቷ ሱቅ ሰንብታ ማግኔት ውጣለች። ሆዷን ሲያማት ገና አሁን ነገረችኝ» አለችኝ። ሲፈን የአራት ዓመት ልጇ ናት። «ስንት ዋጠች?» ብላት አታውቅም። አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጃት ብዬ ጮህኩባት። አማቷ ግን «ሳንቲም የዋጠ እንኳ በሙዝ ወጥቶለታል» ብለው ከለከሏት። የባሏ የጉተማ ስልክ ደግሞ አይነሳም፤ ስንት እንደዋጠች ልጠይቀው ወደ ሱቁ ገሰገስኩ።

ዕድሜዬን ሙሉ ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ። አንድ ከሆነ እንደ ሳንቲሙ ሊወጣ ይችላል። ሁለት ከሆነና ኒዮዲሚየም ያለበት ከሆነ ግን ወዮልን! ይህ ብረት ብርቅዬ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ከተራ ብረትና ከቦሮን ጋር ሲዋሃድ የሚሠራው ማግኔት ጉልበቱ ለጉድ ነው።

ቡራዩ

በባዶ ሆዴ ስለነበርኩ አስኮ ላይ ፓስቲ ገዛሁ፤ አንዴ ገምጬ ተውኩት። ከዚያ ወዲያ አቧራና ያላለቁ ፎቆች ናቸው። ጉተማ ሱቁ ውስጥ ከተጣለ የጆሮ ማዳመጫ ማግኔት እየፈለቀቀ ተቀምጧል። ምስር የሚያህሉ፣ ኒኬል የተቀቡ፣ የሚያብረቀርቁ ናቸው። የፈራኋቸው ኒዮዲሚየሞች ናቸው።

«ስንት ነው የዋጠችው?»

«አንዱን ቅዳሜ፣ አንዱን እሁድ። ተቆጥቻት ነበር እኮ፣ እትዬ። ይቺን ታህል ነገር ምን ታደርጋታለች?»

ሁለቱን አንስቼ በጆሮው ጫፍ ግራና ቀኝ ለቀቅኳቸው። ቆዳውን መሀል አድርገው ተጣበቁ፤ ጮኸ።

«አንጀቷ እንዲህ ነው የተያዘው» አልኩት።

«ማል ናዋያ! ምን ይሻለኛል!» ብሎ ሱቁን ሳይዘጋ ወጣ።

ሱሉልታ

የአዲሱ ገበያ ታክሲ ካልሞላ አይነሳም። ጉተማ «በናትህ ወንድሜ፣ ንዳው!» እያለ ሹፌሩን ለመነው። እኔ ለአበራሽ ደጋግሜ ብደውል ኔትወርክ እምቢ አለ። ዳገቱን ስንወጣ ብርዱና የባሕር ዛፉ ጭጋግ ተቀበሉን። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ! ሲፈን ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሮ አገኘናት። ማልቀስ አቁማለች። አጠገቧ ሙዝ ተልጦ ተቀምጧል።

ሆስፒታል አደረስናት፤ ማግኔቶቹን በቀዶ ጥገና አወጡላት። ሐኪሙ «አንጀቷን በስተውታል። ምነው እስካሁን?» አለን። ረቡዕ አረፈች።

በሰልስቱ ጉተማ በፋሻ የተጠቀለሉትን ማግኔቶች ከኪሱ አወጣ። እንደተጣበቁ ናቸው።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር ይሞታል?»

«በደንብ ከጋለ ጉልበቱን ያጣል» አልኩት።

ግቢው ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ እስኪቀላ አራገበበት። ሲቀዘቅዝ ሚስማር አስጠጋበት፤ ሚስማሩ አልተነቃነቀም።

«ሞተ» አለ። ደግሞ ሞከረው።

አበራሽ ከድንኳኑ ደጃፍ ቆማ ስታየው ቆይታ፣ «ቅዳሜ ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«እንዳትጨነቂ ብዬ» አላት። ሚስማሩ ከእጁ ወደቀ።

ሰበታ

ሙቀት ማግኔትን እንደሚያደክም ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ! ልጅ ሁለት ከዋጠ ሙዝም፣ ነገም እንደሌለ ግን ለአንድ ተማሪ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ሰፈሬ ደረስኩ። ቤቴን ሳልከፍት ልጅ ያላቸውን ጎረቤቶቼን በር ማንኳኳት ጀመርኩ።