የቡድኑ ባለቤት መኪናዬ ውስጥ ያወራው

በስደት አገር፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ፣ ሊሞ የሚሉትን የቅንጦት ኪራይ መኪና እነዳ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከሆቴል ሁለት ሰዎች አነሳሁ... አንደኛው ከሌላ ስቴት ለጨዋታ የመጣ የቤዝቦል ቡድን ባለቤት፣ ሌላኛው ሥራ አስኪያጁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ግብዣ አላቸው።

ከተማውን የሚዞረው ትልቁ መንገድ፣ ቤልትዌይ ላይ፣ ትራፊክ ያዘን። ሰዎቹ ሾፌር ጆሮ ያለው አልመሰላቸውም።

«ያ ተጫዋቻችን በአንድ ዓመት ውስጥ ክንዱ እንዲህ ያበጠው በስፖርት ብቻ አይደለም፤ የተከለከለ መድኃኒት ሳይወስድ አይቀርም። እንጠይቀው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ከጠየቅኩ አወቅኩ ማለት ነው። እሱ ኳሷን ከሜዳ አሻግሮ ሆም ራን ሲመታ ስታዲየሙ ይሞላልናል፤ ተወው» አለ ባለቤቱ።

«ቢያዝስ?»

«ቢያዝ ቅጣቱን እስኪጨርስ ደሞዝ አንከፍለውም።»

ስለ አየር ሁኔታ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ቤዝቦል አላውቅም፤ ይኼ ግን ገባኝ።

በማግስቱ ከዚያው ሆቴል አንድ ተጫዋች ወደ ስታዲየም እንዳደርስ ተላክሁ። በሩን የሞላ ወጣት ገባ። ክንዱን ሳይ ጠረጠርኩ።

«ሆም ራን የሚመታው አንተ ነህ?»

«ነኝ» አለ ፈገግ ብሎ። ጨዋ ልጅ ነው። ወሬ ስንጀምር የቡድኑን ባለቤት አመሰገነልኝ። «እናቴ ስትታመም ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ጠይቋታል። እንደ አባቴ ነው» አለኝ።

ብናገር ሥራዬ አለ... ዝም ብል ደግሞ ህሊናዬ።

«ወንድሜ፣ አይመለከተኝም... ግን ለጉልበት የምትወስደው ነገር ካለ ተው። ብትያዝ ሰውየው አይቆምልህም» አልኩት።

ፈገግታው ጠፋ። በመስታወቱ አፍጥጦ አየኝ።

«ጋዜጠኛ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነው የላከህ?»

«ማንም አልላከኝም። ትናንት እሱ ራሱ እዚሁ መኪና ውስጥ ሲናገር ሰምቼ ነው።»

አላመነኝም። የሾፌር መታወቂያዬን በስልኩ ፎቶ አነሳና «እዚህ አውርደኝ» አለ። ስታዲየሙ ገና ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚያከፋፍለን ዲስፓቸራችን፣ የኛው አገር ልጅ፣ ኮል አደረገልኝ። «ከባለቤቱ ቢሮ ኮምፕሌይን መጥቶብሃል። ደንበኛ ይሰልላል ነው የሚሉት። ምን አድርገህ ነው?»

ነገርኩት። «አምንሃለሁ፤ ግን ቁልፉን መልስ» አለኝ።

ፎልስ ቸርች በምትባል ከተማ አንድ ፓርኪንግ ተቀጠርኩ። መስከረም ላይ እዚያው ቁጭ ብዬ ዜና ሳይ የልጁ ፎቶ ወጣ... የተከለከለ መድኃኒት ተገኝቶበት ተይዟል። ቀጥሎ ባለቤቱ ቀረበ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንደ ልጄ የማየው ሰው አታለለኝ። ምንም አላውቅም ነበር» አለ።

ልጁ እኔን ለመጠርጠር አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም... ያንን ሰውዬ ለመጠርጠር ግን ዕድሜ ልኩም የሚበቃው አይመስለኝም።