ጠርዙ ሰማያዊ ሳህን

ወንድሜ አይናገርም ነበር። ጨርሶ ዲዳ ነው ማለቴ አይደለም። «ውሃ» ይላል፣ ሲሰለቸው «ሂጂ» ይላል፣ ደስ ሲለው ደግሞ የወንጂን ፋብሪካ ሳይረን ቁጭ አድርጎ ያሰማል። ዛሬ ኦቲዝም ይሉታል። ያኔ አንዱ «ለክፎት ነው» ይላል፣ አንዱ «ጸበል ውሰዱት» ይላል። እማዬ ለሁሉም «እሺ» ብላ የልቧን ትሠራለች።

እኛ የአገዳ ቆራጭ ልጆች ነን። ያ ሠፈር ዛሬም ይናፍቀኛል፤ የሞላሰሱ ሽታ፣ በአገዳ ቃጠሎ ሰሞን ልብስ ላይ የሚዘንበው ጥላሸት። በስኳር አገር እየኖርን ስኳር ለመውሰድ ቀበሌ መሰለፋችን እንኳ ይናፍቀኛል፤ ሞኝነት ነው መቼም። ወንድሜ ከቦዩ ዳር ዳር ሲመላለስ ይውላል። ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም ክፉ አይናገረውም።

ጉዱ የመጣው ሲረዝም ነው። ጢም አቀመቀመ፣ ትከሻው ሰፋ። ዘመኑ ደግሞ የአፈሳ ዘመን፤ መንገድ ላይ የተገኘ ጎረምሳ ተለቅሞ ለውትድርና ይጫናል። ስሙን ሲጠይቁት ሰማይ ሰማይ የሚያይ ልጅ ምን ብሎ ያመልጣል? የናቃቸው ነው የሚመስላቸው። አንድ ቀን ጭነውት ጎረቤታችን እግራቸው ላይ ወድቆ አስወረደው። ከዚያ በኋላ እማዬ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየችም።

ናዝሬት ውስጥ የጸሎት ቤት ሰዎች እንደሱ ያሉ ልጆችን የሚያኖሩበት ቤት እንዳለ ሰማች። አጥር አለው፣ አፋሾቹ አይገቡበትም። ወስዳ አስገባችው።

ቤቱ ቆርቆሮው በቀን ሙቀት ጧ ጧ የሚል፣ ግቢው የፓፓያ ዛፍ ያለበት ነበር። ልጆቹን የሚይዙት የዝዋይ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ግዙፍ፣ ሳቂታ፣ አማርኛቸውን በኦሮምኛ የሚያጣፍጡ ሴት። ልጅ ከእጃቸው ሳይጎርስ የዋለ ቀን የዋሉ አይመስላቸውም። ልጆቹ ሁሉ በአንድ ትሪ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ እትዬ «ኛዱ! ብላ እንጂ!» እያሉ በየተራ ያጎርሳሉ። እንግዳ የመጣ ልጅ ደግሞ የመጀመሪያዋ ጉርሻ የሱ ናት። ሰው ከዚህ በላይ ምን ይሁን?

በሳምንቱ እሑድ ልጠይቀው ብሄድ ወንድሜን አጣሁት። ማለቴ እዚያው ተቀምጧል፤ ግን ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ አፉን በሁለት እጁ ከድኗል። እትዬ ሲያዩኝ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«እጄን ጠላብኝ ልጄ! ትሪው ጋ ስናስቀምጠው ይሸሻል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ደገምኩለት፣ ሰለስኩለት፤ ይተፋዋል። ኃላፊው ከዚህ ወዲያ ካልበላ ውሰዱት ብለዋል፤ እጃችን ላይ እንዳይሞት።»

መውሰድ ማለት ወዴት እንደሆነ አውቃለሁ። ከአጥሩ ውጭ የሚጠብቀው የአፋሾቹ የጭነት መኪና ነው። ደሜ ፈላ።

«ማን አጉርሱት አለዎት? እሱ ለብቻው ነው የሚበላው! በገዛ ሳህኑ!»

እትዬ ያልኩት ስድብ መሰላቸው። «ለብቻው? እንደ ውሻ? ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል! እኔ ልጅ ለይቼ አላበላም!»

እማዬም ይሄንኑ ፈርታ ነው ለካ ያልነገረቻቸው። ቤታችን ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ የቆርቆሮ ሳህን አለችው፤ እንጀራው በአንድ ወገን፣ ወጡ በሌላ ወገን፣ ሳይነካካ ይቀርብለታል። ሳህኗ መስኮቱ ደፍ ላይ ትቀመጣለች፣ እኛ ጀርባችንን እናዞራለን፣ እሱ ይበላል። ልጅ ሆኜ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። እማዬ ግን ስታስገባው ይህን ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ «ልጇን ከገበታ ለይታ ታበላለች» እንዳይሏት። ሳህኗንም ቤት ትታት ሄደች።

የዚያኑ ቀን ወንጂ ሄድኩ፤ የጭነት መኪና ለምኜ ሳህኗን ይዤ ተመለስኩ። እማዬ «ምን ይሉኛል?» ስትል ጥያት ነው የወጣሁት። እንጀራውን በአንድ ወገን፣ ሽሮውን በሌላ ወገን አድርጌ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩና ዞርኩ።

«ይዙሩ እትዬ።»

«ዋቃ! ደግሞ በስተርጅና ግድግዳ ልይ?»

«ይዙሩ አልኩ!»

እያጉረመረሙ ዞሩ። ቆምን። ዝም። ግድግዳው ላይ አንዲት እንሽላሊት ነበረች፣ እሷም ዝም። ከዚያ ሳህኗ ኳ አለች። ቀጥሎ የማላመጥ ድምፅ ሰማን። እትዬ አፋቸውን በነጠላቸው አፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ይሳቁ ያልቅሱ ዛሬም አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳህኗ ወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ የራሷ ቦታ ኖራት፤ ሌላ ልጅ ቢነካት እትዬ ያብዳሉ። አንድ ጊዜ የቀበሌው ሰውዬ ለቁጥጥር መጣና «ይሄ ለምን ተነጥሎ ይበላል? አድልዎ ነው!» ብሎ ጮኸ። እትዬ ፍንክች አላሉም። «ጓድ፣ እርስዎም ይዙሩ! ልጁ ሊበላ ነው!» ጓዱ ሽጉጡን እንደታጠቀ ዞረ። እሑድ እሑድ ያን እያነሳን ስንስቅ ነበር የምንውለው፤ ወንድሜም ሳይረኑን ይለቅብናል። እንዴት ያለ እሑድ ነበር! ዛሬ እንዲህ ያለ ቤት ስጎበኝ የግድግዳውን ቀለም አላይም፤ ወጥ ቤት ገብቼ ሳህኖቹን ነው የማየው።

ደርግ የወደቀ ሰሞን እማዬ አዲስ ሸሚዝ ገዝታ መጣች። አፈሳ ቀርቷል፤ ልጇን ልትወስድ ነው። አልጋውን አንጥፋለታለች፣ መስኮቱን ወልውላለታለች። እትዬ ልብሱን አጣጥፈው ሳህኗን ከላይ አስቀመጡና ፊታቸውን አዞሩ።

ወንድሜ ጥቅሉን አየ። ሳህኗን አነሳት። ወጥ ቤት ገብቶ በውሃ አለቀለቃት፣ መደርደሪያው ላይ ቦታዋ መለሳትና መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። እማዬን ቀና ብሎ አይቶ «ውሃ» አላት፤ ለእንግዳ እንደሚቀርብ ውሃ ጣሳውን ዘረጋላት።

እማዬ ተቀብላ ጠጣች። እትዬ «ይለምዳል፣ ይውሰዱት፣ ልጅዎ ነው» አሏት። እማዬ ግን ጥቅሉን ትታ ተነሳች፤ ሳህኗን አወረደች፤ እንጀራውን በአንድ ወገን፣ ወጡን በሌላ ወገን አደረገች። መስኮቱ ላይ አስቀመጠችለት።

«ዙሩ» አለችን። ሦስታችንም ግድግዳውን እያየን፣ ሳህኗ ኳ እስክትል ጠበቅን።