በእትዬ ውዴ በሬ ትከሻ ላይ የሠራሁት

ወገኖች፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጌታ ያደረገልኝን ዛሬ ካልተናገርሁ አልቀመጥም ብዬ ነው የተነሣሁት። ባለፈው እሑድ አንዷ እህታችን ከአልጋ እንዴት እንደተነሣች ስትመሰክር ሁላችንም እልል አልን። የእኔ ምስክርነት ግን የበሬ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። በሬውም ተፈውሷል፣ እኔም ተፈውሻለሁ፤ ከሁለታችን ክፉኛ የታመመው ማን እንደነበረ እናንተው ትፈርዳላችሁ። ጌታ ይመስገን።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ቀበሌያችን ጋይንት ውስጥ፣ ከንፋስ መውጫ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። መሬት ለአራሹ ተብሎ ታውጆ፣ ማሳው በገመድ እየተለካ ለየቤቱ ሲሰጥ እኔም ደረሰኝ። አባቴ ዕድሜውን በርስት ሙግት የጨረሰ ሰው ነው፤ ለእኔ ያለ ሙግት መጣልኝ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር «ከዛሬ ጀምሮ ማንም አይነካህም» ሲለኝ ደረቴ ተነፋ። ድንበሩን በቀን ሦስት ጊዜ እዞረው ነበር። የእኔ መሬት፣ የእኔ ሰብል፣ የእኔ በሬ፤ ከአፌ ሌላ ቃል አይወጣም። ሚስቴ «ምነው ሰውዬ፣ ሰማዩን እንኳ ተውልን» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

እንዲያ ስኮራ በሬዬ አንድ ብቻ ነበር፣ ዳልቻ የሚባል። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ጎረቤታችን እትዬ ውዴ ባላቸው ሞተውባቸው ቡሬ የሚባል አንድ በሬ ቀርቷቸው ነበርና ከእሳቸው ጋር ተቀናጀን። መቀናጆ ለማታውቁ የከተማ ልጆች ልንገራችሁ፤ አንዳንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን ይጠምዱና የሁለቱንም ማሳ በተራ ያርሳሉ። እትዬ ውዴ ሴት ስለሆኑ እርፍ አይጨብጡም። አራሹ እኔ፣ የሁለቱንም በሬ ገለባና ሣር አቅራቢዋ እሳቸው። ውላችን ይኸው ነበር።

አሁን ኃጢአቴን ስሙ። ምራን የምንለው ጠፍር አለ፤ ሞፈሩ ከቀንበሩ መሃል የሚታሰርበት ነው። ልክ መሃል ላይ ከታሰረ ሁለቱ በሬዎች እኩል ይጎትታሉ። ወደ አንዱ ጠጋ ካደረጋችሁት ግን ክብደቱ በዚያ በሬ ላይ ይወድቃል። እኔ ምን አደረግሁ? ገና ከጥር እርሻ ጀምሬ ምራኑን ሁለት ጣት ያህል ወደ ቡሬ አስጠጋሁት። ለዓይን አያስታውቅም። ዳልቻ እየተዝናና ይሄዳል፣ ቡሬ ያለከልካል። ሲዘገይ ደግሞ በጅራፍ የምለው ቡሬን ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ማታ ማታ ዳልቻን እያሻሸሁ «አይ የእኔ በሬ፣ እንዴት አማረበት» እል ነበር፣ የበላው የእትዬ ውዴን ገለባ እንደሆነ እየረሳሁ።

ግንቦት ሲያልቅ ቡሬ ትልሙ መሃል ተኛ። ብጎትተው፣ ብመታው አልነሣም አለ። ትከሻው አብጦ፣ ቆዳው ተገሽልጦ ነበር። እትዬ ውዴ እየሮጡ መጡና አዩት። ነጠላቸውን አውልቀው ዝንቡን ማባረር ጀመሩ። ዝናቡ ደርሷል። ቡሬ ካልተነሣ የእሳቸው ማሳ ሳይዘራ ሊቀር ነው፤ ማሳቸው ካልተዘራ ደግሞ ክረምቱን በምን ይሻገራሉ?

በማግሥቱ ቡሬን እንደምንም አስነሥቼ፣ እያዘገምሁ ንፋስ መውጫ ወደ ከብት ሐኪሙ ወሰድሁት። ሐኪም ኦላና ይባላል፤ ከወለጋ ተመድቦ የመጣ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ቁስሉን አጠበ፣ ቅባት ቀባና «በአራተኛው ቀን መልሰህ አምጣው። ስትመጣ ቀንበርህን ያዝ» አለኝ። የወለጋ ሰው ስለ ጋይንት ቀንበር ምን ያውቃል ብዬ በአራተኛው ቀን ቀንበሩን ተሸክሜ፣ ቡሬን እየነዳሁ ሄድሁ።

ቀንበሩን አገላበጠው። ምራኑ እየፈተገ የበላው ቦታ ከመሃሉ ፈቀቅ ብሏል። ጣቱን እዚያ ላይ አኖረና «በሬው የማን ነው?» አለኝ።

«የአንዲት ባልቴት።»

«ሌላኛውስ?»

«የእኔ።»

«አባቴ ገበሬ ነው» አለኝ፣ ድምፁን ሳያነሣ። «ይህን ተንኮል አውቀዋለሁ። ይህ በሬ በሽታ የለበትም። የታመመው በአንተ ነው።»

ወገኖች፣ ተቆጣሁ። «ቀንበሩ የእኔ፣ ጉልበቱ የእኔ፣ አንተን ምን አገባህ?» አልሁት። እሱ አልተቆጣም። «የአንተ የምትለው ምን አለህ? ያ መሬት አንተ ሳትወለድ ነበረ፣ ከአንተም በኋላ ይኖራል። ባለቤቱ እግዚአብሔር ነው፣ አንተ መጋቢ ነህ። የባልቴቷም በሬ፣ የራስህም በሬ፣ ጉልበትህም ጭምር አደራ ነው። አደራ ሰጪው ሲመጣ ምን ትለዋለህ?» አለኝ።

እኔ አደራ የሚባል ነገር አውቃለሁ። በአገራችን አደራ የበላ ሰው ከሰው አይቆጠርም። ራሴን ግን አንድ ቀን እንኳ አደራ በላ ብዬ አላውቅም ነበር። ቀንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። ሐኪሙ ስለ ጌታ ኢየሱስ ነገረኝ፤ አደራውን ለበላ ሰው ምሕረት እንዳለው፣ ዕዳዬን እሱ እንደተሸከመው። በዚያ ዘመን ጴንጤ መባል ያሳስራል። ስለዚህ ከብቶቹ በሚታከሙበት ጋጥ ውስጥ በሹክሹክታ ነው የጸለይነው። እኔ እያለቀስሁ ሕይወቴን ለጌታ ሰጠሁ። ከዚያ ደግሞ እጁን በቡሬ ትከሻ ላይ ጭኖ ጸለየ። ለከብት ጠበል ሲረጭ አይቻለሁ፤ እጅ ተጭኖበት ሲጸለይለት ግን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። «ለበሬም ይጸለያል እንዴ?» ስለው «የፈጠረው ማን ሆነና?» አለኝ። ሃሌ ሉያ።

ስሸኘው፣ ይቅርታ፣ ሲሸኘኝ «አሁን ሄደህ ለባልቴቷ ንገራት» አለኝ። ያን ሁለት ሰዓት መንገድ እንዴት እንደሄድሁ አላውቅም። ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ነበሩብኝ። ቢያወሩብኝስ? ከእንግዲህ ከእኔ ጋር ማን ይቀናጃል?

እትዬ ውዴ ደጃፋቸው ላይ ገለባ ሲያበጥሩ አገኘኋቸው። ቀንበሩን እግራቸው ሥር አኖርሁና ሁሉንም ነገርኋቸው። ምራኑን፣ ሁለት ጣቱን፣ ጅራፉን። ቀና አላሉም።

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«ምን አሉኝ?»

«ገና በጥር አውቄዋለሁ። ባሌ ሠላሳ ዓመት ሲጠምድ አይቻለሁ እኮ ልጄ፤ ምራን መሃሉን ሲስት አይጠፋኝም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። «ብናገርህ መቀናጆውን ታፈርስብኛለህ። ማን ያርስልኛል? በሬዬ ይቁሰል እንጂ ማሳዬ ጦሙን አይደር ብዬ ዝም አልሁ። ማታ ማታ ቅቤ እቀባው ነበር።»

ወገኖች፣ የእኔ ተንኮል ይህን ያህል ከባድ እንደነበረ ያወቅሁት ያኔ ነው። ሸክሙ በበሬው ትከሻ ላይ ብቻ አልነበረም። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅር በሉኝ አልሁ። እሳቸውም ዓይናቸውን ጠርገው «ይቅር ይበልህ። በል ተነሥ፣ ሰኔ ተንበርክኮ ለሚያለቅስ አይጠብቅም» አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ቡሬ እስኪያገግም ሌላ በሬ ያስፈልግ ነበር። በአገራችን በሬ የሌለው ሰው ለአንድ ቀን በሬ ሁለት ቀን ጉልበቱን ይሰጣል። ወደ ደብሩ ቄስ፣ ወደ ቄስ ምሕረት ሄድሁና ማሳቸውን ላርምላቸው፣ በሬያቸውን ሊያውሱኝ ተስማማን። ከማን እንደሆነ እንጃ፣ ጴንጤ መሆኔን ሰምተዋል። «አባቴ፣ ለእትዬ ውዴ ማሳ ነው» ብላቸው፣ «የያዝከውን መንገድ አልወደድሁልህም። ይህን ሥራህን ግን ወደድሁልህ። ውሰድ» አሉኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። የእትዬ ውዴን ማሳ ቀድሜ አርሼ ዘራሁ፤ የእኔን በኋላ። ጎረቤት «ምን ነካው?» እያለ ቆሞ ያየኝ ነበር። ነገሩ ደስ ብሎኝ እየዘመርሁ ነበር የማርሰው፣ ቃሉን ማንም እንዳይሰማ በከንፈሬ።

የቡሬ ትከሻ ጠጉር አበቀለ፣ ጌታ ይመስገን። ሐኪም ኦላና አይቶት «እንዲህ ቶሎ ይድናል ብዬ አልገመትሁም ነበር» አለኝ።

ክረምቱ አልፎ፣ ጥር ላይ እርሻ ሲጀመር ሁለቱን በሬዎች ዳግም ጠመድኋቸው። ምራኑን ሳላስር እትዬ ውዴን ጠራሁና «ይምጡ፣ በዓይንዎ እያዩ ላስር» አልኋቸው። የገለባ እንቅባቸውን ታቅፈው ከሩቅ ቆመው አዩኝ።

«እኔ ሥራ አለኝ ልጄ» ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ወገኖች፣ ሰው ጀርባውን ሲሰጠኝ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እዚያው ማሳው ላይ ቆሜ አለቀስሁ፣ በሬዎቹም ቆመው ጠበቁኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ጌታን አመሰግነዋለሁ። እናንተም «የእኔ» የምትሉትን ወደ ባለቤቱ መልሱለት፤ እሱን እመኑት። እሱ መልሶ በእጃችሁ ያኖረዋል፣ ያን ጊዜ ግን ጎረቤታችሁ እናንተን በዓይኑ መጠበቅ ትቶ፣ አምኗችሁ ቤቱ ይገባል።