አይለቅም የተባለ ወይን ጠጅ

ዓርብ ማለዳ፣ አዘዞ

በሩን ቆልፌ ስወጣ ሰፈሩ ገና አልነቃም። በትከሻዬ ቦርሳ፣ በእጄ በሙቅ ውኃ ደጋግሜ ያጠብኩት ባዶ ጀሪካን። የሚኒባሱ ሾፌር በመስተዋት አየኝና፣ «እናት፣ ውኃ ፍለጋ በዚህ ሌሊት?» አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ጀሪካኑን እግሬ ሥር ሸጎጥኩ።

የምፈልገው ወይን ነው፤ ለዘወትር የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ፣ ዛሬም ነገም ጣዕሙ ያው የሆነ። ቤተ መጻሕፍት አብረውኝ የሚሠሩ ሦስት ሰዎች አንድ እሑድ ቤቴ መጥተው ነበር። የከፈትኩት ጠርሙስ ኮምጣጤ ሆኖ ተገኘ። ብርጭቆው ሳይጎድል ለሁሉም ጉዳይ ትዝ አላቸው። ከዚያ ወዲህ ወንበሮቼ ላይ የተቀመጠ የለም። ለዚህ እሑድ እንደገና ጠርቻቸዋለሁ። መልሳቸው፦ «እናያለን።»

የፒያሳን ግሮሰሪዎች ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ መልስ ዞሬያቸዋለሁ። አንዱ ጋ የገዛሁት ቀይ ሸጋ ነበር፤ ያንኑ ወይን በማግስቱ ከጎረቤቱ ሱቅ ብገዛ ምላስ ያደርቃል። መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ከርሟል። ከጓዳ እንዲያወጣልኝ ባለሱቁን ብለምነው፣ «ያው ወይን ወይን ነው፣ እትዬ» አለኝ። አይደለም። ቶሎ ቶሎ ከሚሸጥበት ሱቅ ግዙ፤ አቧራ የለበሰውን ጠርሙስ እለፉ። የደህናው ዋጋ ግን ከኪሎ ሥጋ ጋር ይፎካከራል፤ ለዘወትር አይሆንም። የደባርቅ ሆቴሎች የቱሪስት ወይናቸውን በርካሽ እየለቀቁ ነው ሲባል ሰምቼ ነው አውቶቡስ የተሳፈርኩት።

ከጎኔ ትልቅ ፌስታል የታቀፉ ሴት ተቀመጡ።

«ምን ፍለጋ ነው፣ እታለም?»

«ሸጋ ወይን ጠጅ።»

«ወይን ጠጅማ መካነ ብርሃን፣ ደብሬ ዘንድ ነው! እጇ አንድ ነው፤ የዘንድሮው ካምናው አይለይም። ነጭ ላይ ቢያርፍ እንኳ አይለቅም!»

እውነት ነው፤ ጥሩ ቀይ ወይን ነጭ ልብስ ላይ ከፈሰሰ በምን ይለቃል?

«ዋጋውስ?»

«ከከተማው በግማሽ። ለስንት ሰው ነው?»

«ለአራት። ለእሑድ።»

«ለእሑድማ አይደርስም! የደረሰ ካላት ጠይቂያት።»

ሳይደርስ የማትሸጥ ሴት! ሳላያት አመንኳት።

ዓርብ ረፋድ፣ ደባርቅ

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የሆቴሉ አስተናጋጅ የተጋመሰ ጠርሙስ ከመደርደሪያ አወረደልኝ።

«መቼ ተከፈተ?»

«ፈረንጆቹ ሳይሄዱ።»

ቀመስኩት፤ ኮምጥጧል። ለቀመስኩት ከፍዬ ወጣሁ። የመካነ ብርሃን አይሱዙ ሊነሣ ሲል ደረስኩ። ሹፌሩ፣ አያ ጥጋቡ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ጋቢና አስገቡኝ። ጭጋግ፣ እንደ ምሰሶ የቆመ የጅብራ ተክል፣ መንገድ ዳር ሣር የሚነጩ ጭላዳ ዝንጀሮዎች፣ ከጎማው ሥር የሚጀምር ገደል።

«ብቻሽን ነሽ?» አሉኝ።

«ብቻዬን ነኝ።»

ቆሎ ዘገኑልኝ። ሌላ የምላቸው ነገር ፈለግሁ፤ ሳላገኝ መንገዱ አለቀ።

ዓርብ አመሻሽ፣ መካነ ብርሃን

የደብሬን ቤት ያልጠቆመኝ አልነበረም። ደብሬ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ጣቶቿ እስከ አንጓው የቀሉ ሴት ናት። ጣቶቿን ሳይ ደስ አለኝ።

«አውቶቡስ ላይ አንዲት ሴትዮ ወይን ጠጅ አለሽ ብለውኝ ነው።»

«አለ አለ! ግቢ።» ዓይኗ ጀሪካኑ ላይ አረፈ። «ምነው በጀሪካን?»

«ካልጠበበ።»

ግራ እንደገባት ወደ ጓዳ ገብታ ሙሉ መሶብ ይዛ ወጣች። ክር ነው። ወይን ጠጅ ቀለም የተነከረ የጥለት ክር፣ ድርድር ብሎ።

ሁለታችንም ክሩን አየን፤ ጀሪካኑን አየን። መጀመሪያ የገባው ለእሷ ነው። «እኔን! ልትጠጪው ኖሯል?» ብላ ግድግዳውን እስክትደገፍ ሳቀች። «ምነው ሴትየዋን ደህና አድርገሽ አልጠየቅሻትም?»

«ጠየቅኳቸው እኮ። ሁሉም መልስ ልክ ነበር።»

ይሄ ደግሞ ባሰባት። እኔም ሳቅሁ፤ ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ። ጠላ ቀዳችልኝ።

«ለማን ነበር?»

«ለእንግዶች።»

«ይመጣሉ?»

«እንጃ።»

ክሯን ወደ ማጠንጠን ተመለሰች። ማደሪያ ይዤ ሽሮ በላሁ። ሌላው ጠረጴዛ ሁሉ ሞልቶ ነበር።

ቅዳሜ፣ ደባርቅ፣ በመልስ

ኔትወርክ እንደመጣ አብራኝ ለምትሠራው ለሰብለ ደወልኩ። ግብዣውን ልሰርዝ ነው።

«ሰብለ፣ የነገው ይቅር። ወይን አላገኘሁም። እንደዚያኛው የኮመጠጠ ከማቀርብ…»

«የትኛው?»

«ያኔ ሳትጠጡት የሄዳችሁት።»

«ኧረ እኔ ወይኑ ትዝም አይለኝ! አንቺ አንድ ቃል ሳትተነፍሺ ብርጭቆ ብርጭቆውን ስታዪ፣ ደክሟታል፣ እንሂድላት ተባባልን እንጂ።»

አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ።

«ሄሎ? አለሽ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ኔትወርኩ ተቋረጠ ብዬ እዘጋው ነበር።

«አለሁ» አልኩ። «ሰብለ፣ ትናንት ክር ልጠጣ ነበር።»

«ምን ልትጠጪ?»

አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።