እጁ የማይንቀጠቀጠው ጎሚስታ

የሰፈራችን ጎሚስታ «በረዶው» ይባላል። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ሌላ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ራሱ ነው። ደንበኛ ቆጣ ካለበት ጎማውን ትቶ መኪናው ሥር የሚገባ ሰውዬ፣ ፑል ቤት ሲደርስ ደረቱን ነፍቶ ሌላ ፍጡር ይሆናል። ጨዋታው ሲከር የሌላው ስቲክ ሲንቀጠቀጥ የሱ እጅ ግን ንቅንቅ አይልም።

«እኔን ሲፈጥረኝ ድንጋጤ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም!» ይላል፣ የስቲኩን ጫፍ ጠመኔ እየቀባ።

ጀግንነቱ የእናቱ የልብ ኪኒን ነበር። ከጨዋታ በፊት አንዷን ፈልቅቆ ዋጥ! እናትየው «ጎደለብኝ» ስትል ደግሞ፣ «እማዬ፣ ውጠሽው ረስተሽ ነው» ይላታል። ምስኪን፣ በራሷ አእምሮ ታፍራለች።

ፋርማሲ የምትሠራው እህቱ አንድ ቀን እጅ ከፍንጅ ያዘችው።

«ስንደነግጥ አድሬናሊን በደም ይሮጣል» አለችው። «ልብም ጡንቻም ላይ ተቀባዮች አሉ፤ በር በላቸው። እዚያ ሲደርስ ልብ ይዘላል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ኪኒኑ ቀድሞ በሩን ይዘጋበታል። አንተ ጀግና የሆንከው በዚህ ነው!»

«አሁን ለአንዲት ፍሬ ነው ይሄ ሁሉ?»

«ስማኝ እንጂ! የእማዬ ልብ ኪኒኑን ለምዶ ሌሎች ተቀባዮች አብቅሏል። ድንገት ከተቋረጠባት አድሬናሊኑ በሁሉም በር ይገባባታል። መድኃኒቱ ደግሞ ከገበያ ጠፍቷል፤ ያለን ይቺ እሽግ ብቻ ናት።»

«እናቴ ትሙት፣ ሁለተኛ አልነካም!» ብሎ ማለ። መሐላውን እንኳ አስተውሉልኝ።

የሰፈሮች የፑል ውድድር ሲጀመር በረዶው ይሳተፋል። ለየጨዋታው አንዳንድ እየዋጠ እሽጓን ባዶ አደረጋት። እናትየው አሁንም የረሳች መስሏት፣ ልጇን እንዳታስቸግር ለማንም ትንፍሽ አላለች።

የፍጻሜውን ጨዋታ አሸንፎ ትከሻ ላይ ተሸክመውት ሲጨፍሩ እህቱ ደወለች።

ሆስፒታል ሲደርስ እናትየው ኦክስጅን ተደርጎላት ተኝታለች፤ የልቧ ምት ገና አልበረደም። እሱ ዋንጫውን ታቅፎ ቆመ። አዎ፣ ዋንጫውን ይዞ ነው የመጣው።

እናትየው ዓይኗን ገለጠች። «ልጄ… ደንግጦ ይሆናል። ውሃ ስጡት።»

እህቱ የእጁን አንጓ ይዛ ትርታውን አዳመጠች። ዝግ ያለ ነው፣ ሆዱ ሞልቶ እንደተኛ ሰው።

«አይዞሽ እማዬ» አለች፣ እጁን እየለቀቀች። «እሱ አልደነገጠም።»